ልቁረጥ ወይስ ልጠብቅ? በወሊድ ጊዜ ከባድ የፔሪኒየም ጉዳትን ለመከላከል ያሉ አማራጮች ሲነጻጸሩ

የልጁ ጸጉር ታይቷል። ፔሪኒየሙ፣ ማለትም በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ፣ ሳስቶ ያብረቀርቃል። እናትየዋ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ከዘጌ በጀልባ ወይም ከዘንዘልማ በባጃጅ መጥታ ይሆናል። አዋላጇ መቀሱን ታንሳ ወይስ ትተወው? ለመወሰን ያላት ጊዜ ከሁለት ሦስት ምጥ አይበልጥም። ውጤቱን ግን እናትየዋ ዕድሜ ልኳን ይዛው ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ይህ ነገር ማዋለጃ አልጋው አጠገብ ተቁሞ የሚታሰብ ሳይሆን አስቀድሞ ታስቦበት ያለቀ መሆን አለበት።

ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ አዋላጆችና ለተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ምን እንደሚደረግላት ማወቅ የምትፈልግ ነፍሰ ጡርም ልታነበው ትችላለች። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ የመጀመሪያው ምርጫ ጭንቅላቱን ማዘግየት ነው። መቀስ የሚነሳው በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። ከተነሳ ደግሞ አንግሉ ሰፊ ይሁን።

ስለ የትኛው ጉዳት ነው የምናወራው?

ደረጃ 1 ቆዳና የብልት ውስጥ ልባስ ብቻ ሲቀደድ ነው። ደረጃ 2 የፔሪኒየምን ጡንቻ ይጨምራል፤ ኤፒዚዮቶሚም፣ ማለትም ልጁ እንዲወጣ ፔሪኒየሙን በመቀስ መክፈት፣ ሲሠራ ያው ከደረጃ 2 ጋር እኩል የሆነ ቁስል ነው። ሰገራንና አየርን የሚይዘው ቀለበት መሰል ጡንቻ፣ ስፊንክተር፣ ከተነካ ደረጃ 3 ይባላል። የውጭው ቀለበት ከግማሽ በታች ከተቀደደ 3ሀ፣ ከግማሽ በላይ ከሆነ 3ለ፣ የውስጠኛውም አብሮ ከተበጠሰ 3ሐ ነው። ቅዳዱ የፊንጢጣውን የውስጥ ልባስ ካለፈ ደረጃ 4 ይሆናል። ከባድ የምንለው 3ንና 4ን ነው። ስፊንክተሩ ደህና ሆኖ ከብልት ወደ ፊንጢጣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የሚበሳ ጉዳትም አለ። ብዙ አያጋጥምም፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም የሌለ ስለሚመስል በቀላሉ ያመልጣል።

ሁሉንም መቁረጥ ወይስ የሚያስፈልጋትን ብቻ?

በየማዋለጃ ክፍሉ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ አባባል አለ፦ «ፕሪሚ (የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ) ከሆነች ቁረጥላት፤ ካልቆረጥክ ትቀደዳለች፤ በመቀስ የተቆረጠ ደግሞ ቶሎ ይድናል።» ሦስቱም አይይዙም። ፕሪሚ መሆን ብቻውን ለመቁረጥ ምክንያት አይደለም። ብዙ ፕሪሚዎች ሳይቆረጡ ወይ ምንም ሳይሆኑ፣ ወይ ከደረጃ 1 ወይም 2 ባልበለጠ ቅዳድ ይወልዳሉ። በተፈጥሮ የተቀደደ ቁስል በደሙ መጠንም በሕመሙም ከተቆረጠው አይብስም፤ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሥጋ ሲቀደድ የላላበትን መንገድ ፈልጎ ነው፣ መቀስ ግን ያገኘውን ሁሉ ይቆርጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክረ ሐሳብ፣ በተፈጥሮ ለምትወልድ እናት ኤፒዚዮቶሚን እንደ ልማድ መሥራት እንደማይመከር አስቀምጧል። ሁሉንም መቁረጥና የሚያስፈልጋትን ብቻ መቁረጥ የተነጻጸሩባቸው ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ በሁለተኛው መንገድ የወለዱ ሴቶች ከባድ ቅዳድ 30 በመቶ ገደማ ቀንሶላቸዋል። እንግዲህ «ከከባድ ጉዳት ላድናት ብዬ ነው» የሚለው ምክንያት ራሱ ለአለመቁረጥ የሚያዘነብል ነው።

መቀሱ ተገቢ የሚሆንባቸው ጊዜዎች አሉ። የልጁ የልብ ምት ቀንሶ አልመለስ ካለና ጭንቅላቱ ፔሪኒየሙ ላይ ከደረሰ፣ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ማትረፍ ሕይወት ማትረፍ ነው። በፎርሴፕስ (ጭንቅላቱን በሚይዝ መሣሪያ) ወይም በቫኪዩም (ጭንቅላቱን በሚስብ ቆብ) ስትወልድ፣ በተለይ ፕሪሚ ከሆነችና ፎርሴፕስ ከሆነ፣ በትክክለኛ አንግል የተሠራ ኤፒዚዮቶሚ ስፊንክተሩን ይጠብቃል። ፔሪኒየሙ በጠባሳ ደንድኖ አልዘረጋ ሲል፣ ወይም መሐሉ ላይ ነጭ ሆኖ ወደ ፊንጢጣው መሰንጠቅ ሲጀምርም እንዲሁ። የትከሻ መያዝ፣ ማለትም ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው አልወጣ ማለት፣ ሲያጋጥም ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ የያዘው አጥንት እንጂ ሥጋ አይደለም። መቁረጡ የሚረዳው እጅ ለማስገባት ቦታ ካጣን ብቻ ነው።

በአካባቢያችን ግርዛት ያለባቸው እናቶች ብዙ ናቸው። አብዛኛው ያልተሰፋው ዓይነት በመሆኑ ጠባሳው ከፊት በኩል ነው፤ «ተገርዛለች» ተብሎ ብቻ ከኋላ መቁረጥ ስህተት ነው። የተሰፋ ካጋጠመ መጀመሪያ የሚከፈተው የፊቱ ጠባሳ ነው። ከኋላ መቁረጥ ያስፈልግ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ በምጥ መሐል ጊዜ የሚያባክን ሥርዓት አይደለም። አሥር ሰከንድ ይበቃዋል፦ «እህቴ፣ የልጁ ልብ ምት ቀንሷል። ቶሎ እንዲወለድ ትንሽ መክፈት ያስፈልጋል። ማደንዘዣ እወጋሻለሁ። ትፈቅጂልኛለሽ?» ሳትጠየቅ የተቆረጠች እናት ሁለተኛውን ልጇን ቤቷ ለመውለድ ስትወስን ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ያለ መቀስ የሚሠሩት፦ ሙቅ ጨርቅ፣ ማሸት፣ እጅ

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል ሙቅ ጨርቁን እንመርጣለን። ከባድ ቅዳድን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚጠይቀውም ፔርሙዝ፣ ንጹሕ ሳሕንና ጎዝ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋም አይስተጓጎልም። ለአራሶች አጥሚትና ቡና የሚመጣበት ፔርሙዝ በየክፍሉ አይጠፋም። ለዚህ ሥራ ግን ምልክት የተደረገበት የራሱ ፔርሙዝ ይኑረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አሁን ከፈላው ውሃ 1 ኩባያ፣ ፈልቶ ከቀዘቀዘው 2 ኩባያ ሲቀላቀል 45 ዲግሪ አካባቢ ይሰጣል። ንጹሕ ጎዝ ወይም ፎጣ ይነከራል፣ በደንብ ይጨመቃል፣ በአዋላጇ የእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ይሞከራል፣ ቀጥሎ በእናትየዋ ጭን ላይ ይነካል፣ እሷ «ደህና ነው» ካለች ፔሪኒየሙ ላይ ቀስ ተብሎ ይያዛል። ጊዜው ሁለተኛው የምጥ ደረጃ (የመግፋቱ ጊዜ) ገፍቶ ጭንቅላቱ ፔሪኒየሙን መወጠር ሲጀምር ነው፤ በምጥ ሰዓትም በምጥ መሐልም ይያዛል። ሲቀዘቅዝ ወይም ሲቆሽሽ ይቀየራል፤ ሳሕኑ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ በየ15 ደቂቃው። ስህተት የሚሆነው ሳይሞከር ማድረግ ነው። የተወጠረ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል፤ በምጥ ላይ ያለች ሴትም ማቃጠሉን ከምጡ ለይታ ላትናገር ትችላለች።

ማሸት ሁለት ዓይነት ነው። በእርግዝና ጊዜ ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ እናትየዋ ራሷ በሳምንት አንድ ሁለቴ የምታደርገው አለ። ለመጀመሪያ ልጅ የመሰፋትን ዕድል በትንሹ ይቀንሳል፤ ካልተመቻት ባታደርገውም ጉዳት የለውም። በምጥ ጊዜ የሚደረገው በሁለት ጣት፣ በውሃ በሚሟሟ ማለስለሻ፣ ከጎን ወደ ጎን በለስላሳ ጫና ነው። ጥቅም አለው፤ ግን እናትየዋ ካልፈለገች ወይም ሥጋው ካበጠ ይቁም። ሁለት ጣት አስገብቶ በኃይል እየጎተቱ «ማስፋት» ማሸት አይደለም። ያ ያሳብጣል፣ ያበጠ ሥጋ ደግሞ እንደ ራሰ ወረቀት ይቀደዳል። ቅቤም አይቀባ፤ ንጹሕ አይደለም፣ ጓንትንም ያበላሻል።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። «እጅ ይኑር ወይስ አይኑር» የሚለው ክርክር እውነተኛ ክርክር ነው። ሁለቱ የተነጻጸሩባቸው ጥናቶች በከባድ ቅዳድ ላይ ግልጽ ልዩነት አላሳዩም፤ እጅ ያልተደረገባቸው ወሊዶች ላይ ኤፒዚዮቶሚ ያነሰ ነበር። በሌላ በኩል ኖርዌይ አዋላጆቿን ከፊንላንድ በተወሰደው የእጅ አያያዝ፣ እናትን በማናገርና በትክክለኛው አንግል በአንድ ላይ ካሠለጠነች በኋላ የከባድ ቅዳድ መጠኗን በግማሽ ገደማ ቀንሳለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በእጅ መጠበቅን ከሚመከሩት መካከል ቆጥሮታል። እኛ እጅ ይኑር የምንለው በተለይ ስለ ግራ እጅ ስራ ነው፤ ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ጭንቅላቱ በአንዴ ሲፈነጠር ነውና።

ግራ እጅ በልጁ ጭንቅላት ላይ ጣቶቹን ዘርግቶ ያርፋል፤ አይጫንም፣ አይገፋም፣ ፍጥነቱን ብቻ ይይዛል። የቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከፔሪኒየሙ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሥጋውን ከጎን ወደ መሐል ይሰበስባሉ፤ የታጠፈው መሐል ጣት ከታች ይደግፋል። መሐሉን በመዳፍ ሸፍኖ ወደ ላይ መግፋት አይጠቅምም። ቅዳዱ የሚጀምርበትን ቦታ ከዓይናችን ይሰውራል፤ ለሥጋውም ምንም ትርፍ አይሰጠውም።

ግማሹ ሥራ ግን የቃል ነው። ጭንቅላቱ ሊወጣ ሲል «ግፊ! ግፊ!» የሚለው ጩኸት መቆም አለበት። «አሁን አትግፊ፤ ሻማ እንደምታጠፊ እፍ እፍ በይ» ይባላል፤ ጭንቅላቱም ምጡ ሲበርድ በእሷ ትንሽ ግፊት ቀስ ብሎ ይወጣል። እናቷ ወይም እህቷ አጠገቧ ካለች «ማርያም ማርያም» የምትለውን ድምፅ ዝቅ አድርጋ ከአተነፋፈሷ ጋር እንድታስኬደው መንገር በጣም ያግዛል። ከጭንቅላቱ በኋላ እጅን ማንሳት ሌላው ስህተት ነው፤ የኋለኛው ትከሻ ሲወጣ የሚቀደደው ብዙ ነው። ሆድን ከላይ መጫን ደግሞ ጭራሽ አይደረግ። አይመከርም፤ ጭንቅላቱንም ከቁጥጥር ውጭ ይወረውረዋል።

አቀማመጥን በተመለከተ፣ እናትየዋ በጎኗ ብትተኛ ወይም ብትንበረከክ ፔሪኒየሙ በእኩል ይዘረጋል። እግርን ወደ ላይ ሰቅሎ ጭንን አለቅጥ መክፈት ሥጋውን ከመነሻው ይወጥረዋል።

መቁረጥ ግድ ሲሆን፦ ቀጥታ ወደ ታች ወይስ ወደ ጎን?

ሦስት መንገዶች አሉ። ቀጥታ ወደ ታች፣ ሚድላይን፣ ለመስፋት ቀላል ነው፣ ደሙ ያንሳል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ነገር ግን መንገዱ በቀጥታ ወደ ፊንጢጣ ነው፤ ትንሽ ከተራዘመ ደረጃ 3 ወይም 4 ሆነ ማለት ነው። ሪፈራል ጉዞ በሚጠይቅበት አካባቢ የሚመረጥ አይደለም። ላተራል የሚባለው ከመሐል 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይጀምራል፤ ከስፊንክተሩ ይርቃል፣ ግን ወደ ባርቶሊን ዕጢ (ብልትን ወደሚያለሰልሰው ዕጢ) ይጠጋል፣ ለመስፋትም ልምድ ይፈልጋል። ሜዲዮላተራል ከመሐል ተነስቶ ወደ ጎን ያጋድላል። የምንመክረው እሱን ነው፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ በእውነት ወደ ጎን ከሄደ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ሜዲዮላተራል ሠራሁ» ብሎ ካርድ ላይ መጻፍና መሥራት ይለያያሉ። እንግሊዝ አገር በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ቁስሉ በትክክል ተለክቶ ሲታይ፣ በእውነት ሜዲዮላተራል የሆነ የአንዲት አዋላጅም ሥራ አልተገኘም፤ ከሐኪሞቹም 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ወደ መሐል የተጠጉ ነበሩ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ጭንቅላቱ ሲጎላ ፔሪኒየሙ ወደ ጎን ተለጥጧል፤ ልጁ ሲወጣ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ አንግሉም አብሮ ይጠባል። በዚያ ሰዓት ከመሐል መስመሩ በ60 ዲግሪ የተቆረጠው ሲሰፋ 45 ገደማ ሆኖ ይገኛል። በ40 የተቆረጠው 20 ገደማ ላይ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ከቀጥታው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ቁጥሩ 60 ነው። 45 አይደለም።

60 ዲግሪን ዓይን በግምት አያገኘውም። ሁለት መንገዶች ይረዳሉ። አንደኛው የሰዓት ፊት ነው። ፊንጢጣው 6 ቁጥር ላይ ነው እንበል፤ ከፊት ለፊት ለምናይ ለእኛ መቀሱ 8 ቁጥርን ያመለክታል፣ ይህም የእናትየዋ ቀኝ ነው። የምንናገረው ሰዓቱ ላይ ስለተጻፈው ቁጥር እንጂ ስለ እኛ አቆጣጠር እንዳልሆነ ልብ ይባል። አጭሩ ዘንግ 8 ላይ ሲሆን እኛ «ሁለት ሰዓት» እንላለን፤ ተማሪ እዚህ ላይ ተደናግሮ ሲሳሳት የሚጎዳው ሥጋ ነው። 7 ቁጥር 30 ዲግሪ ብቻ ነው፣ አይበቃም።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። የአንድ ወረቀት ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። ማዕዘኑን ሦስት እኩል ቦታ እጠፉት፣ አንዱን እጥፋት ወደ ኋላ መልሱት፣ የቀረው 60 ነው። በካርቶን ቁረጡትና በማሠልጠኛ ስፖንጅ ላይ መቀስ ይዛችሁ ተለማመዱ። ከሃያ ሙከራ በኋላ እጅ ራሱ ያውቀዋል። ከ60 በጣም ማለፍም ጥሩ አይደለም፤ ወደ ጎን የተጋደመ ቁስል የተወጠረውን መሐል አያላላውም።

ማደንዘዣ ሳይሰጥ አይቆረጥም። ጭንቅላቱ የወጠረው ሥጋ «ደንዝዟል» የሚለው እምነት እናትን ያስጮኻል እንጂ እውነት አይደለም። ሊዶኬይን 0.5 በመቶ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ጠርሙሱ 1 በመቶ ከሆነ ከእኩል መጠን ኖርማል ሳላይን (የሕክምና ጨው ውሃ) ጋር፣ 2 በመቶ ከሆነ አንዱ እጅ ከሦስት እጅ ሳላይን ጋር ይቀላቀላል። ወሰኑ ያለ አድሬናሊን በኪሎ 4 ሚሊ ግራም ነው፤ 50 ኪሎ ለሆነች እናት 200 ሚሊ ግራም፣ ይህም ከ0.5 በመቶው 40 ሚሊ፣ ከ2 በመቶው ግን 10 ሚሊ ብቻ ነው። ለስፌት የሚጨመረውም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። መለያውን ሳያነቡ መሳብ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለት ጣት በጭንቅላቱና በፔሪኒየሙ መካከል ገብቶ ልጁን ይከልላል፤ መርፌው በሚቆረጠው መስመር ከልባሱ ሥር፣ ከቆዳው ሥርና ወደ ጡንቻው ጠልቆ ይሰጣል። ከመግፋት በፊት ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስቦ ደም አለመግባቱን ማየት ግድ ነው። 2 ደቂቃ ተጠብቆ ቆዳው በትንሽ መቆንጠጫ ይቆነጠጣል፤ ከተሰማት ሌላ 2 ደቂቃ።

የሚቆረጠው ፔሪኒየሙ ሲሳሳና በምጥ ሰዓት ከጭንቅላቱ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ሲታይ ነው። ቀድሞ ከተቆረጠ ልጁ እስኪወጣ ደም ይፈሳል። ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ልናድነው የፈለግነው ጡንቻ ከውስጥ ተቀዷል። በስለታም መቀስ፣ ከመሐል ተነስቶ፣ በምጡ ጫፍ ላይ፣ በአንድ ቆረጣ፣ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር። በትንሽ በትንሹ መቆራረጥ ጠርዙን ጥርስ ጥርስ ያወጣዋል፣ አንግሉንም ያጣምመዋል። በጣም አጭር ቁስልም አይጠቅምም፤ በራሱ ጊዜ ተቀዶ የፈለገበት ይሄዳል። ከተቆረጠ በኋላ ግራ እጅ ከጭንቅላቱ ላይ አይነሳ፤ አሁን መንገዱ ተከፍቷልና ፍጥነቱ ይጨምራል።

መቀሱ ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ከሚያመክን ማሽን) የወጣ ይሁን። ማፍላት ማምከን አይደለም፤ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች በሚፈላበት ከፍታ ደግሞ ይበልጥ አይደለም።

ከስፌት በፊት አንድ ጣት

ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ከሆነ ይህ ይሁን። ከባድ ቅዳዶች ጤና ጣቢያ ላይ የሚያመልጡት አዋላጇ ስለማታውቅ አይደለም፤ ባለመፈተሿ ነው። እንግዴ ልጅ ከወጣ፣ ማሕፀኑ ከጠነከረ በኋላ በጥሩ ብርሃን (የራስ ባትሪ ከጣሪያ መብራት ይሻላል) ቁስሉ ይታያል። ከዚያ ለእናትየዋ ተነግሯት ሌባ ጣት ፊንጢጣ ውስጥ፣ አውራ ጣት ብልት ውስጥ ሆነው መካከል ያለው ሥጋ በሁለቱ ጣቶች እንደሚታሽ እህል ይዳሰሳል። ደህና ስፊንክተር በዙሪያው እንደ ወፍራም ገመድ ይቆማል። «ሰገራ እንደምትይዢ ጭምቅ አድርጊ» ስትባል ጣትን ይጨብጣል። ከፊት በኩል ገመዱ ከጠፋና ክፍተት ከተገኘ ተበጥሷል። የተበጠሰው ጫፍ ወደ ጎን ይሸሻል፣ በቦታው ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል። ከዚያ ጓንት ይቀየራል።

በምን ክር፣ በምን ዓይነት ስፌት?

ለደረጃ 2ና ለኤፒዚዮቶሚ 2-0 የሚባለው ውፍረት ያለው ክር ይበቃል። ቪክሪል (ሰው ሠራሽ የሚሟሟ ክር) ከክሮሚክ ካትገት (ከእንስሳ አንጀት ከሚሠራው ክር) ይሻላል፤ ሕመሙ ይቀንሳል፣ የመለያየት ዕድሉም ያንሳል። በፍጥነት የሚሟሟው የቪክሪል ዓይነት ከተገኘ ቆይቶ ክር የማውጣትን ጣጣ ያስቀራል። ካትገት ብቻ ካለ ይሰፋበታል፤ ሳይሰፉ ከመተው ይሻላል።

በአንድ ክር ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ መስፋት እየተቆራረጠ ከሚታሰረው ያነሰ ያማል፣ ክርም ይቆጥባል። መነሻው ከቁስሉ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ላይ የሸሸ የደም ሥር ካመለጠ ከሰዓታት በኋላ ብልቷ አብጦ፣ ሕመሙ አላስቀምጥ ብሎ፣ «ሰገራዬ መጣ» እያለች እናገኛታለን። ልባሱ ላልቶ ያለ መቆለፍ ይሰፋል፣ መርፌው ወደ ጡንቻው ይሻገራል፣ ጡንቻው ይዘጋል፣ ቆዳው ከሥሩ ወደ ላይ ይሰፋል፣ ቋጠሮው ብልት ውስጥ ይቀራል። ክሩ ጠርዝን ለማቀራረብ እንጂ ለማነቅ አይሳብ። በነጋታው እብጠት አለ፤ የታነቀ ስፌት ሥጋውን ይቆርጠዋል። «ለባሏ ጠበብ ይበል» ተብሎ አንድ ስፌት መጨመር ነውር ነው፤ ትርፉ ለዓመታት የሚቆይ የግንኙነት ሕመም ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ጎዙና መርፌው ይቆጠራል፣ ጣት ዳግም ፊንጢጣ ውስጥ ይገባል። ክር ከተነካ ወጥቶ ይሰፋል፤ ካልወጣ ፌስቱላ፣ ማለትም ከፊንጢጣ ወደ ብልት የሚያሳልፍ ቀዳዳ፣ ሊያስከትል ይችላል። ለተራ ኤፒዚዮቶሚ አንቲባዮቲክ እንደ ልማድ አይሰጥም፤ ለደረጃ 3ና 4 ግን ይሰጣል።

እዚሁ ይሰፋ ወይስ ሪፈር?

ደረጃ 3 ወይም 4 ከሆነ ወይም ከተጠረጠረ ሪፈር ነው፤ ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። የተበጠሰውን ስፊንክተር ፈልጎ ለማምጣት ጡንቻው መላላት አለበት፤ ለዚህም የጀርባ ማደንዘዣ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል መብራትና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። የውስጠኛው ቀለበት ለብቻው ይሰፋል። የውጭው ጫፍ ለጫፍ ወይም ተደራርቦ ይሰፋል፤ ተደራርቦ የሚሰፋው ሙሉ በሙሉ ለተበጠሰ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ምርጫ «መንገዱ ሩቅ ነው» ብሎ ከላይ ቆዳውን መዝጋት ነው። ቁስሉ የዳነ ይመስላል፣ እናትየዋ ግን አየርና ሰገራ መያዝ አትችልም። ደሙ እስከቆመ ድረስ ስፌቱ ለ8 እስከ 12 ሰዓት መዘግየቱ ውጤቱን አያበላሸውም፤ ስለዚህ ከደቅ ደሴት በጀልባ የምትመጣም ቢሆን ጊዜ አለ። ከመነሳቷ በፊት የሚደማው ሥር ይያዝ፣ ማሕፀኑ መጨማደዱ ይረጋገጥ፣ የደም ሥር መስመር ይከፈት፣ ጎዝ ይታሸግና ስንት እንደሆነ ሪፈራል ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ የወሊዱ ሰዓት፣ የተሰጠው መድኃኒትና መጠኑም እንዲሁ። በጎኗ ትተኛ። ልጇም አብሯት ይሂድ።

ቤቷ ስትገባ

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን፣ ከሽንት ቤት በኋላ ከፊት ወደ ኋላ በንጹሕ ውሃ መታጠብ። ቅጠል፣ ቅቤ፣ ጢስ ስፌቱ ላይ አይቅረብ። ሰገራ እንዳይደርቅ ውሃ በብዛት፤ ተልባና አትክልትም ይጠቅማሉ። ገንፎ ብቻ የምትበላ አራስ ትደርቃለች፤ ይህ ለሚያርሷት ይነገር። ከባድ ቅዳድ ለተሰፋላት ላክቱሎስ (ሰገራ ማለስለሻ) ለ10 ቀን ገደማ ይታዘዛል። ኮዴን ያለበት ማስታገሻ አይሰጣት፣ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም አይደረግላት።

ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም የተከፈተ ስፌት ካለ በዚያው ቀን ትምጣ። በክትትሉ ቀጠሮ፣ በተለይ በስድስተኛው ሳምንት፣ ጥያቄው በግልጽ ይጠየቅ፤ እናቶች ከሐፍረት የተነሳ ሳይጠየቁ አይናገሩም። «ደህና ነሽ?» መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «አየር ሲመጣ መያዝ ትችያለሽ? ሰገራ ልብስሽን ይነካል? በብልትሽ በኩል አየር ይወጣል?» ሲባል ግን ትናገራለች። አዎ ካለች ባሕር ዳር ላይ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል አለ። ለሚቀጥለው እርግዝናም የአወላለዱ ሁኔታ ምጥ ሳይመጣ ከስፔሻሊስት ጋር እንዲወሰን ካርዷ ላይ በቀይ ይጻፍላት።